የጡረተኛ መምህርት አያትን የሕይወት ታሪክ እንዴት እንጻፍ?

በአገራችን የሰው የሕይወት ታሪክ ብዙውን ጊዜ የሚጻፈው በአንድ ሌሊት ነው። ቀብር በማግስቱ፣ አንዳንዴም በዚያው ዕለት ስለሚፈጸም፣ «እሱ ጽሑፍ ይችላል» የተባለ የወንድም ልጅ ወይም ጎረቤት ድንኳኑ ተተክሎ ሳያልቅ አንድ ጥግ ይዞ ይቀመጥና የትውልድ ዘመንና ቦታውን፣ የትምህርቱንና የሥራውን ዝርዝር፣ የልጆቹንና የልጅ ልጆቹን ብዛት፣ የሕመሙን ነገርና የመጽናኛውን ቃል ከለቀስተኛው እየጠየቀ በአንድ ገጽ አስፍሮ ያስረክባል። ቅርጹ የሚነቀፍ አይደለም፤ ሰው የሚጠብቀውን ቅደም ተከተል ስለሚከተል በሐዘን ውስጥ ላለ አድማጭ ይቀላል። ችግሩ ስሙን ለውጠው ለሌላ ሰው ቢያነቡት «ይህ የእሳቸው አይደለም» ብሎ የሚያስተባብል አለመገኘቱ ነው።

ያረፉት በጡረታ የተገለሉ መምህርት ሲሆኑ ጉድለቱ ይበልጥ ይጎላል። ቤተሰቡ የሚያውቀው አያትን ነው፤ በበዓል ቀን ድፎ የሚደፉትን፣ የልጅ ልጆቻቸውን ደብተር ሳያዩ የማይተኙትን። ሠላሳ ዓመት ያህል ጠመኔ ይዘው የቆሙትን ሴት የሚያውቋቸው ግን ተማሪዎቻቸውና የሥራ ባልደረቦቻቸው ናቸው። ሁለቱ ወገኖች የሚገናኙት በቀብሩ ዕለት ሲሆን፣ ያን ጊዜ ደግሞ ወረቀቱ ተጽፎ አልቋል። ስለዚህ ጥሩ የሕይወት ታሪክ መጻፍ ማለት በአብዛኛው እነዚህን ሁለት ወገኖች ቀደም ብሎ ማገናኘት ማለት ነው።

በሕይወት ሳሉ መጠየቅ

አያትዎ ዛሬም አብረዎት ካሉ ከሥራው ትልቁ ክፍል ቀሎልዎታል፤ አጠያየቁ ግን ብልሃት ይፈልጋል። «የሕይወት ታሪክዎን ልጻፍ» ብሎ ደብተር ይዞ መቅረብ በብዙ ቤት እንደ ሟርት ይቆጠራል፤ መልሱም «ምነው፣ ቸኮላችሁ?» ነው። የሚሻለው ቡና በተፈላበት ሰዓት የፎቶግራፍ አልበሙን አውጥቶ፣ አንዱን ፎቶ እያሳዩ «ይቺ ከጎንዎ የቆመችው ማን ናት?» ብሎ መጀመር ነው። ፈቃዳቸውን ጠይቀው የስልክዎን ድምፅ መቅጃ ያብሩ፤ በአንድ ጊዜም ከአንድ ሰዓት በላይ አያድክሟቸው። በሚቀጥለው ቀን ራሳቸው «ትናንት ያልነገርኩህ» ብለው ሲመለሱ የሚያወሩት ብዙውን ጊዜ ከመጀመሪያው ይበልጣል።

ሰፊ ጥያቄ ሰፊ መልስ ብቻ ያመጣል። «እንዴት መምህርት ሆኑ?» ሲሏቸው «እግዚአብሔር ፈቅዶ» ብለው ሊዘጉት ይችላሉ። የመጀመሪያ ደመወዛቸው ስንት እንደነበረና ምን እንደገዙበት፣ ወደ ተመደቡበት ቦታ የሄዱት በአውቶቡስ፣ በጭነት መኪና ወይስ በበቅሎ እንደሆነ፣ መጀመሪያ ያደሩበት ቤት የማን እንደነበረ፣ የመጀመሪያው ቀን ክፍል ውስጥ ስንት ልጅ እንደጠበቃቸውና ከእነዚያ መካከል ከእሳቸው በዕድሜ የሚበልጥ ተማሪ እንደነበረ ወይም እንዳልነበረ ይጠይቁ። በዚያ ዘመን ከ8ኛ ክፍል በኋላ በቀጥታ መምህራን ማሠልጠኛ የገቡ ልጃገረዶች ስለነበሩ፣ የ18 ዓመት መምህርት የ20 ዓመት ተማሪ ፊት መቆሟ እንግዳ ነገር አልነበረም። ማሠልጠኛው ራሱ፣ ሐረርም ይሁን ደብረ ብርሃን ወይም ጅማ፣ አንድ ምዕራፍ ይወጣዋል፤ ከሩቅ አገር የመጡ ልጃገረዶች በአንድ መኝታ ቤት የኖሩበትና የዕድሜ ልክ ጓደኝነት የጀመሩበት ቦታ ነውና።

ከዚያ በኋላ አገሪቱ ያለፈችባቸውን ዓመታት እንደ መሰላል ይጠቀሙባቸው። በየካቲት 1966 ዓ.ም. ሴክተር ሪቪው በተባለው የትምህርት ማሻሻያ ዕቅድ ሳቢያ መምህራን ሥራ ሲያቆሙ የት ነበሩ? በ1967 ዓ.ም. በእድገት በኅብረት የዕውቀትና የሥራ ዘመቻ ተማሪውና መምህሩ ወደ ገጠር ሲዘምት እሳቸው ወጥተዋል ወይስ ሕፃን ታቅፈው ቀርተዋል? መሠረተ ትምህርት በሐምሌ 1971 ዓ.ም. ሲጀመር በየትኛው ዙር፣ በየትኛው ቀበሌ፣ በየትኛው ቋንቋ አስተማሩ? ዘመቻው እስከ 15 በሚደርሱ ቋንቋዎች የተካሄደ በመሆኑ የመጨረሻው ጥያቄ ትርፍ አይደለም። ከ1986ቱ የትምህርት ፖሊሲ ጋር የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት በአፍ መፍቻ ቋንቋዎች መሰጠት ሲጀምር ዕድሜያቸውን በአማርኛ ሲያስተምሩ የኖሩ መምህራን አንዳንዶቹ ተዛውረዋል፤ አንዳንዶቹም በጎልማሳነታቸው አዲስ የአጻጻፍ ሥርዓት ተምረዋል። ይህ በአያትዎ ላይ ደርሶ ከሆነ ከየትኛውም የምስክር ወረቀት በላይ ስለ እሳቸው ይናገራል።

ሴት መምህርት ስለሆኑ ሌላ የጥያቄ ረድፍም አለ፤ ወንድ ልጆችና ወንድ የልጅ ልጆች ሲጽፉት ብዙ ጊዜ የሚዘነጋ ነው። እሳቸው ክፍል ውስጥ ሳሉ የራሳቸውን ልጅ የያዘው ማን ነበር? ባልና ሚስት በተለያየ ወረዳ ሲመደቡ ማን ማንን ተከትሎ ተዛወረ፣ ዝውውሩስ ስንት ዓመት ፈጀ? ዲፕሎማቸውን በክረምት ኮርስ ሲይዙ ልጆቹ ክረምቱን የት ከረሙ?

የቀይ ሽብር ዓመታት የነበሩት የ1969 እና የ1970 ዓ.ም. ነገር ጥንቃቄ ይሻል። በእነዚያ ዓመታት ትናንት ስማቸውን ጠርተው ዛሬ ወንበራቸው ባዶ ሆኖ ያገኙት ተማሪዎች ያሏቸው መምህራን አሉ። ካላነሱት አይጎትጉቷቸው፤ ካነሱት ግን የተናገሩት ለአደባባይ ንባብ ይሁን ወይስ በቤተሰብ ብቻ ይቀመጥ ብለው እዚያው ይጠይቋቸው፤ ያሉትንም ያክብሩ።

የሻንጣው ወረቀት

በብዙ ጡረተኛ መምህራን ቤት አልጋ ሥር ወይም ቁም ሣጥን ላይ የተቀመጠ አንድ ሻንጣ አለ። በውስጡ የቅጥር ደብዳቤ፣ የምደባና የዝውውር ደብዳቤዎች፣ የደረጃ እድገት፣ የምስጋና ወረቀት፣ በመጨረሻም የጡረታ ደብዳቤ ይገኛል። የመንግሥት ደብዳቤ ቁጥርና ቀን ስላለው፣ ደብዳቤዎቹን በቀን ቅደም ተከተል ደርድረው ፎቶ ቢያነሷቸው የሥራ ዘመኑ አጽም በአንድ ከሰዓት በኋላ ይቆምልዎታል። ሻንጣው ከጠፋ የመጨረሻው ትምህርት ቤት ወይም የወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት የግል ማኅደር ሊኖረው ይችላል፤ ቤተሰብ መሆንዎን የሚያሳይ ማስረጃ ይዘው ይሂዱ፤ የሚሄዱትም ከሐዘኑ በፊት ቢሆን ይመረጣል።

አሮጌ ፎቶግራፎችን ከመስኮት አጠገብ በቀን ብርሃን፣ ያለ ፍላሽ ያንሷቸው፤ ጀርባቸውንም አይርሱ። «ለማስታወሻ ያህል» የሚለው ጽሑፍ ከሥሩ ቀንና የስቱዲዮ ማኅተም ይኖረዋል። በክፍል ፎቶ ላይ ያሉትን ልጆች ስም አያትዎ ከነረድፋቸው ሲቆጥሯቸው ቢሰሙ አይደነቁ፤ ስም ጠሪ መምህርት የነበረች ሴት ስም አትረሳም።

ዘመንና ቦታ

የልደት ዘመን በሕይወት ታሪክ ውስጥ ብዙ ጭቅጭቅ የሚያስነሳ መስመር ነው። በመታወቂያ አንድ፣ በጡረታ ሰነድ ሌላ፣ ልጆች ወደ ውጭ ሲወስዷቸው በተሞላው ፎርም ደግሞ ሦስተኛ ሊሆን ይችላል። እንዲህ ሲሆን ከወረቀቱ ይልቅ የታወቀውን ነገር ይከተሉ። «ጣልያን በወጣ በሁለተኛው ዓመት» ካሉ ወደ 1935 ዓ.ም. ይጠጋል፤ «በታኅሣሥ ግርግር 7ኛ ክፍል ነበርኩ» ካሉ በ1953 ዓ.ም. ከአሥራዎቹ ዕድሜ አይርቁም። የመጨረሻ ልጅ ከሆኑ የታላላቆቻቸው ልደት ያግዛል። እርግጠኛ መሆን ካልተቻለ «በ1930ዎቹ አጋማሽ» ብሎ መጻፍ ነውር የለበትም፤ በግምት የተቀመጠ ቀንና ወር ግን ነውር ነው፤ በኋላ የሚያነብ የልጅ ልጅ እውነት ብሎ ይይዘዋልና።

ታሪኩን የሚጽፈው ወይም መረጃ የሚልከው ሰው ዋሽንግተን፣ ቴል አቪቭ ወይም ዱባይ የሚኖር ከሆነ የዘመን አቆጣጠሩን አስቀድመው ይስማሙ። ልዩነቱ ከመስከረም እስከ ፈረንጆች አዲስ ዓመት 7 ዓመት፣ ከዚያ እስከ ጳጉሜን 8 ዓመት ነው። አንዱ «በ1974 ዘመቱ» ብሎ በአውሮፓ አቆጣጠር ከላከና ሌላው እንዳለ ከገለበጠው፣ ዘመቻው ከሰባት ዓመት በኋላ የተካሄደ ሆኖ ይነበባል፤ ከለቀስተኛው መካከልም አብሮ የዘመተ ሰው አይጠፋም። ጽሑፉ ሁሉ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ሆኖ፣ የግድ ካስፈለገ ብቻ «እ.ኤ.አ.» ይጨመር።

ቦታዎች በዘመኑ ስማቸው ቢጠሩ ይመረጣል። በ1940ዎቹ ጎንደር የተወለደ ሰው የተወለደው በበጌምድር ጠቅላይ ግዛት እንጂ በአማራ ክልል አይደለም፤ የዛሬውን ስም አንድ ጊዜ በቅንፍ መጨመር ለወጣቱ አንባቢ ይበቃል። ትምህርት ቤቶችም እንዲሁ ናቸው። የእቴጌ መነን ተማሪ የነበሩ ሴት «የካቲት 12 ተማሩ» ቢባልላቸው አብሮ አደጎቻቸው ግራ ይጋባሉ፤ ተፈሪ መኮንን ያስተማሩም «እንጦጦ» ሲባል የእሳቸው ትምህርት ቤት አይመስላቸውም።

ተማሪዎቹን ማግኘት

ለቅሶው ላይ ከሁሉ የሚቀለውና ማንም የማያደርገው ነገር ይህ ነው፤ ድንኳኑ መግቢያ ላይ፣ የዕድሩ ሰዎች ከሚቀመጡበት ጎን፣ አንድ ንጹሕ ደብተርና እስክሪብቶ አስቀምጠው አንድ የልጅ ልጅ ይመድቡበት። «ተማሪያቸው ነበርኩ» የሚል ሰው በመጣ ቁጥር ስሙን፣ ስልኩን፣ የተማረበትን ዓመትና ክፍል፣ ከተቻለም የሚያስታውሰውን አንድ ነገር ይጻፍ። በሠልስት ደብተሩ ሲከፈት ቤተሰቡ የማያውቃት ሌላ ሴት ተቀምጣበት ይገኛል። በውጭ አገር ያሉትን በትምህርት ቤቱ የቀድሞ ተማሪዎች የቴሌግራም ወይም የፌስቡክ ቡድን ማግኘት ይቻላል፤ ከጽሑፍ ይልቅ የድምፅ መልእክት ቢጠይቋቸው የበለጠ ይሰጣሉ።

«እንዴት ያሉ መምህርት ነበሩ?» ሲባል ሁሉም «እናታችን ነበሩ» ይላል፤ እውነቱን ነው፤ ለጸሐፊ ግን ምንም አይጠቅምም። ይልቅ ሲቆጡ ምን ይሉ እንደነበር፣ ከሰሌዳው ፊት የት እንደሚቆሙ፣ ሰነፍ ተማሪ ሲያርሙ በደብተሩ ግርጌ ምን እንደሚጽፉ፣ «እትዬ» ይባሉ ወይስ «ቲቸር» ይጠይቁ። የማስመሪያና የአርጩሜ ታሪክ መምጣቱ አይቀርም፤ ተማሪዎች እየሳቁ ያወሩታል። በእኔ አመለካከት አንድ እንዲህ ያለ ወግ ቢገባ መልካም ነው፤ መትተው የማያውቁ መምህርት አድርጎ ማቅረብ መዳፉን አሻሽቶ ያደገውን ሁሉ ውሸታም ማድረግ ነው።

አንድ ማሳሰቢያ በቁጥር ላይ። «በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ትውልድ ያፈሩ» የሚለው ሐረግ ሳይሰላ የሚጻፍ ነው። በአንድ ክፍል ሁሉንም ትምህርት የሚሰጡ የሰልፍ ኮንቴይንድ መምህርት በዓመት 60 ልጅ ቢይዙ በ30 ዓመት 1,800 ይሆናል። በአንድ የትምህርት ዓይነት በሁለት ፈረቃ ብዙ ክፍል የሚገቡ ከሆነ ቁጥሩ ከዚያ ብዙ ይበልጣል። 1,800 ልጅን ፊደል ማስቆጠር ምንም ማጋነን የማያስፈልገው ሥራ ነው።

ጽሑፉን መጻፍ

የተለመደውን አጀማመር አይተውት፤ «ከአባታቸው ከአቶ… ከእናታቸው ከወይዘሮ… ልዩ ስሙ… በተባለ ቦታ ተወለዱ» የሚለው አድማጩን ያዘጋጃል። የሥራ ቦታዎቹን ዝርዝር ግን ያሳጥሩ። አምስት ትምህርት ቤት ካስተማሩ አራቱን በአንድ ዓረፍተ ነገር አልፈው፣ ረጅሙን ወይም ከባዱን አንዱን ያስፉ። በአንቱታ ከጀመሩ በአንቱታ ይጨርሱ፤ በሌሊት ተጽፈው በሁለት ሰው እጅ የሚያልፉ ታሪኮች መሐል ላይ «አስተማረች» ብለው መጨረሻ ላይ «ዐረፉ» ሲሉ ይሰማሉ። መጠሪያቸውም «ወይዘሮ» ብቻ ከሚሆን «መምህርት» የሚለው ቢቀድም ተገቢ ይመስለኛል፤ ከትዳርም ከልጅም በፊት ያገኙት ማዕረግ ሊሆን ይችላልና።

ዋናው ሥራ ምስጋናውን ወደ ድርጊት መለወጥ ነው። «ደግ፣ ርኅሩኅ፣ ለተቸገረ ደራሽ ነበሩ» የሚለውን መስመር ይሰርዙትና ደብተሩ ውስጥ ከተገኘው አንዱን ይተኩበት። ለምሳሌ ያህል እንዲህ፤ «ቁርስ ሳይበላ የመጣውን ልጅ ከጠዋቱ ሰልፍ ላይ ያውቁት ነበር። ሰሌዳ አጽዳ ብለው ቀድሞ ወደ ክፍል ያስገቡትና ከቦርሳቸው ዳቦ ይሰጡታል፤ ሌሎቹ ልጆች ሰሌዳ ማጽዳት ሽልማት ይመስላቸው ስለነበር ተራ ይጠይቁ ነበር።» በዚህ ውስጥ «ደግ» የሚል ቃል የለም፤ አያስፈልግምም። የአያትነታቸው ክፍልም በዚሁ መንገድ ይጻፍ። የልጅ ልጆቻቸው በላቲን ፊደል የሚልኩላቸውን አማርኛ «በፊደል ጽፋችሁ ላኩ» ብለው ሳይመልሱ ያቆዩ እንደሆነ፣ ከሱቅ የሚገዛውን ዝርዝር የጻፈችውን ሠራተኛ ሀሌታውን ሀ ከሐመሩ ሐ ያስለዩ እንደሆነ፣ እሱ ይግባ፤ መምህርቷና አያቲቱ አንድ ሰው መሆናቸው የሚታየው እዚያ ላይ ነው። እንዲህ ያለ ነገር ሁለት ወይም ሦስት ይበቃል።

የልጆችን ስም በልደት ቅደም ተከተል ያስፍሩ፤ ከእሳቸው በፊት የሞተ ልጅ ካለ አይዝለሉት። ወልደው ሳይሆን ወስደው ያሳደጓቸው ልጆች ካሉ «የወለዷቸውና ያሳደጓቸው» ብሎ በአንድነት መጥራት ለአርባ ዓመት የሚቆይ ቅሬታ እንዳይኖር ያደርጋል። ረቂቁን ለንባብ ከመላክዎ በፊት ታላቂቱ ልጅና አንድ ጡረተኛ ባልደረባ ይዩት፤ እሷ የቤቱን፣ ባልደረባው የትምህርት ቤቱን ስሕተት ይይዛሉ። ስለ ሕመሙ «ባደረባቸው ሕመም ሲረዱ ቆይተው» በቂ ነው፤ የሆስፒታል ዝርዝር ለአደባባይ አይደለም። የክርስትና ስማቸውንም ለፍትሐቱ ስለሚፈለግ በግልጽ ይጻፉ፤ በዚያ ሰዓት የሚያውቀው ሰው ጠፍቶ ስልክ ሲደወል ማየት የተለመደ ነው።

ንባቡና ከዚያ በኋላ

በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ግቢ፣ ብዙ ጊዜም ፀሐይ ላይ ቆሞ ለሚያዳምጥ ሰው ከአንድ ገጽ ተኩል በላይ አይነበብም። በትልቅ ፊደል ያሳትሙት፤ ገጾቹን ቁጥር ይስጧቸው፤ ዓመቶቹ በአሃዝ ቢጻፉም አንባቢው አስቀድሞ ጮክ ብሎ ይለማመዳቸው። አንባቢው የቅርብ ልጅ ባይሆን ይመረጣል። የቀድሞ ተማሪ፣ በተለይ ራሱ መምህር የሆነ፣ ከሁሉ የተሻለ ነው። እሱም ድምፁ ቢታጠፍ የሚቀበለው ሌላ ሰው ቅጂ ይዞ ከጎኑ ይቁም። በእስልምና ቤተሰብ ቀብሩ ስለሚፋጠን ታሪኩ በለቅሶው ቤት፣ ሰው ሲሰበሰብ ቢነገር ይቀላል።

ለቀብር የተነበበው የመጨረሻው ቅጂ መሆን የለበትም። እስከ አርባው ድረስ የተማሪዎቹ ደብተር ይሞላል፤ ከውጭ የድምፅ መልእክት ይደርሳል፤ «ያ ዓመት እንዲያ አይደለም» የሚል እርማትም ይመጣል። ስለዚህ ለአርባው ወይም ለሙት ዓመቱ ፎቶግራፎቹን ጨምሮ ከስምንት እስከ አሥራ ስድስት ገጽ የሚሆን ትንሽ መጽሔት ማዘጋጀት ይቻላል። የገጽ ብዛቱ በአራት የሚካፈል ቢሆን ማተሚያ ቤቱ አጥፎ ስለሚሰፋው ባዶ ገጽ አይተርፍም። ለተዝካር ከሚወጣው ወጪ ጥቂቱን ቀንሶ ያስተማሩበት ትምህርት ቤት የጎደለውን መስጠት የሚፈልግ ቤተሰብ አስቀድሞ ርዕሰ መምህሩን ይጠይቅ፤ ቤተሰብ መጽሐፍ ሊሰጥ ሲያስብ ትምህርት ቤቱ የሚፈልገው መደርደሪያ ሊሆን ይችላል።

የድምፅ ቅጂዎቹን፣ የደብዳቤዎቹን ፎቶና የመጨረሻውን ጽሑፍ በአንድ ሰው ስልክ ላይ ብቻ አይተውዋቸው። ቢያንስ በሁለት ፍላሽ ዲስክ ይገልብጡና አንዱ አገር ቤት ካለ፣ አንዱ ውጭ ካለ ዘመድ ዘንድ ይቀመጥ፤ ፋይሎቹም በስምና በዓመት ይሰየሙ። የታተመው ጽሑፍ ለእያንዳንዱ ልጅ፣ ለትምህርት ቤቱ ቤተ መጻሕፍትና በደብተሩ ላይ ስማቸውን ላሰፈሩት ተማሪዎች ይድረስ፤ ስልክ ቁጥራቸው እዚያው ላይ አለ።